ቤት እየሠሩ የት መኖር? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ደብረ ብርሃን ዳር ላይ ቤታችንን ስንሠራ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እዛው ግቢ ውስጥ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ኖረናል። መጀመሪያ ቆርቆሮ ቤት፣ ከዛ ሰርቪስ፣ ማለትም ከዋናው ቤት ተለይቶ ግቢው ውስጥ የሚሠራው ትንሽ ቤት። በዚህ ጉዳይ የሚጠይቅ ካለ ልመልስ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። እንጀምር።

ጥያቄ፦ ካርታው እጄ ላይ ነው፣ ብሩ ግን ለዋናው ቤት አይበቃም። ኪራይ ላይ ልቆይ ወይስ ቆርቆሮ ቤት ቀልሼ ልግባ?

ሁለቱንም ተወውና ሰርቪሱን አስቀድም። እኛ በቆርቆሮ ጀምረን ስምንት ወር ኖርንበት። የአጠናው፣ የቆርቆሮው፣ የሚስማሩና የአናጺው ሲደመር የሰርቪሱን መሠረት ያወጣልን ነበር። ስናፈርሰው ደግሞ ቆርቆሮው ተበሳስቶ ለአጥር እንጂ ለጣራ አልሆነም። ሰርቪስ ግን ዋናው ቤት ሲያልቅ ወጥ ቤት ይሆናል፣ እቃ ቤት ይሆናል፣ ካስፈለገ ይከራያል።

ወረቀት ላይ አስላው። 8 ሜትር በ3 ሜትር፣ መሃሉን ከፍለህ ሁለት ክፍል ብትል፣ ግድግዳው 2.60 ከፍታ ኖሮት በርና መስኮቱ ሲቀነስ 57 ካሬ ገደማ ነው። ለአንድ ካሬ 12 ወይም 13 ብሎኬት ይገባል። ከሚሰበረው ጋር 750 ያዝ። በላዩ ላይ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጣራ፣ በርና የግንበኛ ሂሳብ ጨምር። ከጎኑ የወር ኪራይህን በ24 አባዛና አስቀምጥ። ብዙ ሰው ይሄን ሳያደርግ "ኪራይ ይሻላል" ወይም "ቆርቆሮ ይረክሳል" ብሎ ይወስናል፣ እኛም እንደዛው ነበርን።

ጥያቄ፦ ሰርቪሱን የት ላስቀምጠው? ቦታዬ 150 ካሬ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ በተፈቀደልህ ፕላን ላይ መኖር አለበት። ከፕላኑ ውጪ ያቆምከውን ነገ ያስፈርሱሃል። ብዙ ጊዜ ከኋላ ጥግ ይሆናል። እኔ የማሳስብህ መኪናውን ነው። ሲኖ ትራክ አሸዋና ድንጋይ ይዞ ሲመጣ የት ይገለብጣል? ፌሮው የት ይቆረጣል? ጎረቤቴ ሰርቪሱን መግቢያው አጠገብ ሠርቶ፣ መኪና አላስገባ ብሎት፣ አንድ ክረምት ሙሉ አሸዋ በባሬላ ከመንገድ ሲያስገባ ከረመ። ለዛ የከፈለው የቀን ሠራተኛ ብር ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ እኛ ግን ቆርቆሮ ቤት ገብተናል፣ አንዴ ሆኗል። ብርዱን እንዴት እንቻለው?

እህቴ፣ ይሄን በደንብ አንብቢው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቆርቆሮ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ሊነጋ ሲል የትንፋሻችሁ እርጥበት ከጣራው ላይ ይንጠባጠባል። ኮርኒስ ሥሩ። የማዳበሪያ ኮርኒስም ቢሆን ለውጡ ትልቅ ነው። ከውስጥ ግድግዳውን በካርቶን ሸፍኑት፣ ወለሉን ከፍ አድርጋችሁ ሊሾ አስደርጉ፣ ፕላስቲክ ምንጣፍ ጣሉበት።

ከሰል ግን አታስገቡ። በፍጹም። በር ዘግቶ ከሰል እያነደዱ መተኛት ገዳይ ነው። ጭሱ የጠፋ ከሰል እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ይወስደዋል። ቡናውን ውጪ አፍሉ፣ ከሰሉን እዛው አጥፉ። ለሌሊት ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ የልጆቹ እግር ስር አድርጉ። ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ አዳማ ነው የምሠራው። የእኛ ችግር ሙቀት ነው።

ጣራውን ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳው በላይ አየር ማስወጫ ክፍተት ተው። ኮርኒሱ ለሙቀትም ይጠቅማል። ዛፍ ካለ አትቁረጥ።

ጥያቄ፦ ኪራይ ላይ ሆኜ ልሥራ ብል አከራዬ በየስድስት ወሩ ይጨምርብኛል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁን፣ ቁጥር 1320/2016፣ አንብበው። ተግባራዊ በሆነበት ከተማ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ሁለት ዓመት ለአንተ ጥሩ ጊዜ ነው። ሰርቪሱን ለመጨረስ ይበቃል። ውሉ ሳይመዘገብ በቃል ብቻ ከተቀመጥክ ግን የምትይዘው ነገር የለህም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነን። ቤቱ እስኪያልቅ ከባለቤቴ እናት ጋር ልንኖር ነው። ምን ትመክረኛለህ?

ገና ሳትገቡ ቀን ንገሯቸው። "እስከ ፋሲካ" በሉ፣ "እስኪያልቅ" አትበሉ፣ ምክንያቱም ግንባታ እስኪያልቅ ማለት ማለቂያ የሌለው ነገር ነው። ቀኑ ካለፈ ራሳችሁ ቀድማችሁ አንሱት። እማማ ብር ከእናንተ ላይቀበሉ ይችላሉ፣ ስለዚህ የመብራትና የውሃ ሂሳቡን ዝም ብለሽ ክፈይ፣ አስቤዛውን በየሳምንቱ ሙዪ። ባልሽ ቀኑን ሙሉ ሳይት ላይ ስለሚሆን ቤት ውስጥ የምትቀሪው አንቺ ነሽ፣ እናቱን የሚመለከት ነገር ሲኖር እሱ ይናገር።

ጥያቄ፦ ግቢው ውስጥ ከገባን መጀመሪያ ምን ይሠራ?

ሽንት ቤት። ከመኝታ ክፍሉም በፊት። ለሠራተኞቹ ለብቻ፣ ለቤተሰቡ ለብቻ፣ ሁለቱም ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው። አሥር ሰው የሚሠራበት ግቢ ውስጥ ሴት ልጅ ይዘህ ስትኖር ይሄ የክብር ጉዳይ ነው። የውሃ ጉድጓድ ካለ ቢያንስ 30 ሜትር አርቁት።

ከዛ ውሃ። አንድ ሜትር ኩብ ማለት 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ኮንክሪት ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ይጠጣል፣ ብሎኬቱም ይጠጣል፣ እናንተም ትጠጣላችሁ። ሮቶውን ግንባታው ሳይጀመር ግዙ፣ የመጠጡን ግን ለብቻ ያዙ።

መብራት ከጎረቤት የምትስቡ ከሆነ ደግሞ ገመዱ መሬት ላይ አይጎተት። ብየዳ በዛ መስመር አይሞከር።

ጥያቄ፦ ሲሚንቶውን እኛው ክፍል ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፣ ሌባ ፈርተን።

አብራችሁት አትደሩ። አቧራው ለልጅ ሳንባ መጥፎ ነው። ትንሽ እቃ ቤት ከመኝታችሁ ጋር ግድግዳ አጋርታችሁ ሥሩለት። ከወለል በጣውላ ከፍ ይበል፣ ግድግዳ አይንካ፣ ከአሥር ከረጢት በላይ አይደራረብ። ክረምት ላይ ብዙ አትግዙ፣ ይጠጥራል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ወንድሜ ከነቤተሰቡ ሰርቪሱ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ይከታተልልኝ?

ጥሩ ነው፣ ግቢ ሰው ሲኖርበት ፌሮ አይጠፋም። ግን ሁለቱን ነገር ለዩት። ለግንባታው የምትሰጠው ውክልና አንድ ነገር ነው፣ ሰርቪሱ ውስጥ የመኖር ፈቃድ ሌላ ነው። ሁለተኛውንም ጻፉት፣ እስከ መቼ እንደሚኖርና ሲወጣ ምን እንደምታደርግለት። ወንድምህ የራሱን ሥራ ትቶ የአንተን ቤት ይጠብቃል፣ ለድካሙ በየወሩ ቁርጥ ያለ ነገር ክፈለው። ያለ ደመወዝ የጠበቀ ሰው ቤቱ ሲያልቅ ድርሻ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር እንግባ?

ይሄ አስቸጋሪ ነው። የልጆች ትምህርት ቤት በክረምት ግቡ ይላል፣ ጭቃው ደግሞ አትግቡ ይላል። እኛ በሴሚስተሩ እረፍት፣ ጥር ላይ ገባን። ደረቅ ነው፣ ከክረምቱ በፊትም አራት አምስት ወር ይተርፋል። አሸዋና ድንጋዩን ከሰኔ በፊት አስገቡ፣ መንገዱ ኮብል ካልተነጠፈ ከዛ በኋላ መኪና አይገባም። እንደገባችሁ እድር ተመዝገቡ። ቤቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ሐዘንም ችግርም አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ዋናው ቤት ሳያልቅ መግባት ይቻላል?

ይቻላል። ጣራ፣ የሚቆለፍ በር፣ በባለሙያ የተዘረጋ መብራትና የሚሠራ መጸዳጃ ካለ ግቡ። ሶሌታውን፣ ማለትም ከላይ የተሞላውን ኮንክሪት፣ የደገፉት እንጨቶች መሐንዲሱ ይነሱ ሳይል ግን ከስሩ ማንም አይደር። ፎቅ ካላችሁ የደረጃው መደገፊያ ብረት ሳይበየድ ልጅ ይዛችሁ አትግቡ። እኛ ሳሎኑንና አንድ መኝታ ቤት ሊሾ አድርገን ገባን። ቀለም የተቀባው ከዓመት በኋላ ነው።