የንግግር ሕክምና ከቡና ወሬ በምን ይለያል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱንን፣ ስለ አእምሮ ጤና የሚጠይቁ አራት ደብዳቤዎች መርጠናል። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አውጥተናል።

«27 ዓመቴ ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ በር ሲንኳኳ ልቤ ይመታል። የጤና ጣቢያ ነርሷ ‹የምክር አገልግሎት ያስፈልግሻል፣ ደሴ ልላክሽ› አለችኝ። ምክርማ ከጎረቤት ጋር ቡና ስንጠጣ ሞልቷል፤ ምን የተለየ ነገር ይነግሩኛል? ደግሞስ በዚያ ክፍል በር ላይ የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ?»

«ምክር» የሚለው ቃል ነው ያሳሳተሽ፤ አይፈረድብሽም። ባለሙያዎቹ ሳይኮቴራፒ ወይም የንግግር ሕክምና በሚሉት ሥራ ውስጥ መምከር ትንሹ ነው። ጥሩ ባለሙያ ይጠይቃል፣ ደብተር ላይ ያስጽፋል፣ ልምምድ ሰጥቶ በሳምንቱ «እንዴት ሆነ?» ይላል። ጎረቤት «እርሺው እንጂ» ስትልሽ ከቅንነት ነው፤ ግን በትእዛዝ የሚረሳ ነገር የለም።

ደብተር ያዢ ትባያለሽ እንበል። ሰዓቱን፣ የሆነውን፣ በዚያች ቅጽበት ያሰብሽውን፣ ፍርሃትሽ ከ10 ስንት እንደነበርና ያደረግሽውን ትጽፊያለሽ። «ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። የጎረቤት ላሜራ በር ተጋጨ። ‹መጡ› አልኩ። 9። ተነስቼ መቀርቀሪያውን ሦስት ጊዜ አየሁ፤ እስኪነጋ ቁጭ አልኩ።» የባለሙያው ዓይን የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው። መቀርቀሪያውን ማየት ለደቂቃ ያሳርፋል፤ አእምሮሽ ግን «የተረፍኩት ስላየሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል፣ በማግስቱም ያስነሳሻል። ስለዚህ ሥራው ሦስቱን ወደ ሁለት፣ ሁለቱን ወደ አንድ ማውረድ፣ ከዚያም ሳትነሺ ፍርሃቱ ከ9 ወደ 5 ሲወርድ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ ይወርዳል፤ እስካሁን ያላየሽው ሁልጊዜ ቀድመሽ ስለምትነሺ ነው። ይህን ከአቦልና ከቶና መሐል የሚሠራልሽ ጎረቤት የለም።

አንድ ቀጠሮ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሳምንት አንዴ፣ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ይበዛዋል፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ መጠጥ፣ ጫት፣ የሞት ሐሳብ። ስላለፉት 2 ሳምንታት የሚጠይቅ ባለ9 ጥያቄ የድባቴ ቅጽ ሊሞላልሽ ይችላል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያው ጠጋ ብሎ ያያል። ውጤትሽን ጠይቀሽ ያዢ፤ ከወር በኋላ ሲደገም ለውጡ በቁጥር ይታያል። የጦርነቱን ታሪክ በመጀመሪያው ቀን አውርደሽ የመጨረስ ግዴታ የለብሽም። «ለዛሬ ይብቃኝ» ማለት መብትሽ ነው። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ነው፤ የተቀበረው ሲነካ ሕልሙ ለጊዜው ይብሳልና። ባሰብኝ ብለሽ ከመቅረት ሄደሽ «ባሰብኝ» በያቸው፤ ፍጥነቱን ይቀንሱታል።

ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የጤና መድን ደብተር ካለሽ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ሳትይዢ አትሂጂ፤ አለዚያ ከኪስሽ ሊያስከፍልሽ ይችላል። ስትደርሺ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ መድኃኒት ማዘዝ ብቻ ነው ወይስ ለንግግር ሕክምናም ለብቻው ቀጠሮ ይሰጣል? በየስንት ቀኑ? አንድ ሰው ይከታተለኛል ወይስ በየጊዜው ተረኛው? ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ሰው በተቀያየረ ቁጥር ግን ታሪክሽን ከሀ መጀመር ነው። የልብ መምታትና እንቅልፍ ማጣት ከእንቅርት ዕጢ ወይም ከደም ማነስም ሊመጣ ስለሚችል የእነዚህንም ምርመራ ጠይቂ። የፈረቃ ሠሌዳሽን ፎቶ አንስተሽ ያዢ፤ ቀጠሮ ከሌሊት ፈረቃ ማግስት ጠዋት ላይ እንዳይወድቅ። ቡና ከመተኛትሽ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቁም (በረካን ጥሎ መነሳት ወሎ ውስጥ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን)።

ስለመታየት፦ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐረጎን መውጣትሽ ራሱ ከሠፈር ዓይን ያርቅሻል። የደሴ ሰውም በዚሁ ምክንያት ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። የምትናገሪው ምስጢር ነው። የማይጠበቀው የአንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ሕፃን ሲጎዳ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ነው፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ሊነግሩሽ ይገባል።

«ወንድሜ ድምፅ ይሰማው ነበር፤ በመድኃኒት ተሻለው። ቤተሰቡ ጠበል ወሰደውና መድኃኒቱ ይቁም ተባለ። ካቆመ 5 ሳምንት ሆነው፤ ደህና ነው። ንግግር ብቻ አይበቃውም? (ከደሴ፣ ሆጤ)»

አይበቃውም። ድምፅ ለሚያሰማ ሕመም የንግግር ሕክምና ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፋንታ አይሰጥም። 5 ሳምንት ደህና መሆኑም አያዘናጋዎ። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ መድኃኒት በቆመ ማግስት አይመለስም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቆይቶ ነው የሚመጣው። በመሐሉ ያለው ደህና ጊዜ ነው «ጠበሉ ብቻ አዳነው» የሚያሰኘው፤ ሲመለስ ደግሞ ከመቆሙ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው እንቅልፍ ነው። ሁለት ሌሊት ካልተኛ፣ ለብቻው መሆን ካበዛ፣ ሰው እየጠረጠረ ከመጣ ቀጠሮውን አይጠብቁ።

ጠበሉን ይተው አንልዎትም። በባዶ ሆድ ጠዋት ይጠጣ፣ ክኒኑ ማታ ከምግብ ጋር ይሁን፤ ሰዓቱን ግን ያዘዘው ሐኪም ያስተካክል፣ በራስዎ አይቀይሩ። ክኒን መዋጥ የሚያስቸግረው ከሆነ በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ እንዳለ ይጠይቁ። ለአባ ሲነግሩም «መድኃኒት ወይስ ጠበል» ብለው አይጀምሩ፤ «ሐኪሙ እንዳያቋርጥ አዞታል፣ በጸሎት አስቡልን» ይበሉ። ለዱዓ ወደ ሼኹ የሚወስዱ ቤተሰቦችም እንዲሁ። ታማሚውን ማሰር ግን በየትኛውም ቦታ አይፈቀድ።

«በድባቴና በጭንቀት ታክመን የምንተዋወቅ አምስት ሰዎች ደሴ ውስጥ ነን። በሳምንት እየተገናኘን ልንደጋገፍ አስበናል። እንደ እድር እናቋቁመው?»

እንደ እድር አይሁን። እድር የሚቆመው ማን የማን ልጅ እንደሆነ በመታወቁ ነው፤ የእናንተ ግን የሚቆመው የሰማችሁት ከበር ባለመውጣቱ ነው። ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ዝም የሚለው ይበዛል። ቀኑና ሰዓቱ አይቀያየር፣ 90 ደቂቃ ይሁን፣ ሲያልቅ ይለቅ። የአባል ቤት አይሁን፤ ባለቤቷ ድግስ ደግሳ ትደክማለች፣ ጎረቤትም «ማኅበራችሁ የማን ነው?» ይላል። የወጣት ማዕከል ወይም የቀበሌ ትንሽ ክፍል ይሻላል። ቡና በፔርሙዝ ይምጣ። ጫት አይግባ፤ ጨዋታው ይሞቃል፣ ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚያጣው ራሱ ጭንቀት ያለበት ሰው ነው።

ሁለት ሰዎች በተራ ይምሩ። መጀመሪያ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይናገር። ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ፦ «እንዲህ አድርግ» ክልክል ነው፣ «እኔ እንዲህ አደረግኩ» ይፈቀዳል። ስለ ክኒን መጠን ማንም ለማንም አይናገር። ሙስሊምና ክርስቲያን የተቀላቀለ ይሆናልና በአንድ ደቂቃ ዝምታ መክፈት ያስማማል፤ በረመዳን ሰዓቱን ከአፍጥር ጋር አታጋጩ።

እንዲህ ያለ ቡድን በብድር ሊፈርስ ይችላል። አንዱ 500 ብር ይበደራል፣ ያፍራል፣ ይቀራል፤ ቡድኑ ሰውም ብርም ያጣል። ስለዚህ መበዳደር ከመጀመሪያው ቀን ይከልከል። ሁለተኛው አፍራሽ ቴሌግራም ነው፤ አንድ የድምፅ መልእክት ወደ ሌላ ከተላለፈ ማንም ዳግም አይናገርም። ቴሌግራሙ ለቀንና ለሰዓት ብቻ ይሁን።

«መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቢኖርስ? በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ ሸክም ያቀላል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። ቤት ያለውን የተባይ መድኃኒትና የተጠራቀመ ክኒን አንድ ሰው ይውሰድ፤ ሌሊትም ቢሆን ሁለት ሆናችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ማን እንደሚሄድና የማን ስልክ ሌሊት እንደማይዘጋ ዛሬውኑ ወስኑ። የሚያክማችሁን ባለሙያም በወር አንዴ መጥቶ እንዲያያችሁ ለምኑት።

«ባለሙያዬ አዲስ አበባ ናት፤ በስልክ ይሠራል? (ከኮምቦልቻ)»

ይሠራል፤ በተለይ ለድባቴና ለጭንቀት። ድምፅ የማይሰማበት ክፍልና ኢርፎን ያስፈልግዎታል፤ ካፌና ታክሲ ውስጥ አይሆንም። ኔትወርክ ቢቆረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል አስቀድመው ይስማሙ። ያሉበትን ሠፈርና የአንድ ቅርብ ዘመድ ስልክ ይስጧት፤ አደጋ ቢኖር ከአዲስ አበባ ሆና ልትደርስልዎ አትችልም።