የካፒታልስ የ2018 ዋንጫ፦ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፣ በረኛው ይመልሳል

በረኛው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ በረዶ ሆኪ ቡድናችን ስለ ዋሽንግተን ካፒታልስ ሁለት መስመር ጽፌ ብጠፋ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ዛሬ ታክሲዋን አቁሜ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ጠይቁ። የማወራው ስለ 2017-18 የውድድር ዓመት ነው፤ ቀኑም ዓመቱም እንደ ፈረንጆቹ። ሁለት ነገር ግን አደራ። የሚመታው ነገር ኳስ አይደለም፣ ፓክ ነው፤ ጠፍጣፋ ጎማ። ደግሞ የሦስት ደቂቃ ሃይላይት አይታችሁ በረኛ ላይ አትፍረዱ። እኔ ልጅ ሆኜ የሰፈራችን በረኛ ነበርኩ፤ ስንት ስድብ እንደጠጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰባተኛ መንገድ፦ ጋሼ፣ ከሥሩ እንጀምር። ስንት ጨዋታ አሸንፈው ነው ዋንጫ የሚበሉት?

በረኛው፦ መጀመሪያ ያን ጊዜ 82 መደበኛ ጨዋታ ነበረ። ከዚያ 16 ቡድን ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባል። አራት ዙር ነው፤ በየዙሩ ከሰባት ጨዋታ አራቱን ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። ስለዚህ ዋንጫው 16 ድል ይፈልጋል። ካፒታልስ በመደበኛው 49 አሸንፎ በ105 ነጥብ ምድቡን አንደኛ ጨረሰ። ቀጥሎ።

ዳላስ ነኝ፦ ስለ ሆኪ በደንብ ንገረን እስቲ

በረኛው፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም ወንድሜ።

ሚሚ ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ ሆልትቢ ያን ያህል ጎበዝ በረኛ ከነበረ ጥሎ ማለፉ ሲጀመር ለምን ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ? ባለቤቴ «ታሞ ነው» ብሎ ይከራከረኛል።

በረኛው፦ እሰይ፣ ጥያቄ መጣ! ባለቤትሽን «ተሸንፈሃል» በይው፤ አልታመመም። ብሬደን ሆልትቢ በ2016 የሊጉ ምርጥ በረኛ ተብሎ ቬዚናን የተሸለመ፣ በዚያው የውድድር ዓመት 48 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው። በ2018 ጥሎ ማለፉ ሊደርስ ሲል ግን እጁ ከዳው። ዓመቱን የጨረሰው ከመቶ ምት 90.7 በማዳን ነው። ለእናንተ ብዙ ይመስላችኋል፣ ለሆኪ በረኛ ግን ይሄ የሚያሳፍር ቁጥር ነው። ምክትሉ ፊሊፕ ግሩባወር 92.3 ነበረው። አሰልጣኙ ባሪ ትሮትስ ልቡ እያመነታ ከኮሎምበስ ጋር የሚጀመረውን ዙር ለግሩባወር ሰጠው።

የመጀመሪያው ጨዋታ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 ጠፋ። በሁለተኛው ሆልትቢ ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ገባ፤ እሱም በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ጠፋ። ሁለቱም በገዛ ሜዳቸው! እኔ ያን ሌሊት ከአዳራሹ በር ላይ ደጋፊ ጭኜ ስሄድ ከኋላ ወንበር ትንፍሽ ያለ የለም። ሰዉ «ዘንድሮም ያው» ብሎ ቆርጦለት ነበር።

አሁን ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ልብ በሉ። ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ነው፣ ሆልትቢ በሩ ላይ ቆሟል። ሁለት ለሁለት ሆኖ መደበኛው ሰዓት አለቀ። በጥሎ ማለፍ የቅጣት ምት መለያ የሚባል ነገር የለም፤ ግብ እስኪገባ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየጨመሩ መጫወት ነው። አንድ ግብ ቢገባበት ሦስት ለባዶ ተመርተው ያልቅላቸው ነበር። በሁለተኛው ጭማሪ ዴንማርካዊው ላርስ ኤለር ከእግር ለእግር ተንጥራ የገባች አስቀያሚ ግብ አገባ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አራት ተከታታይ አሸንፈው ኮሎምበስን ሸኙት፤ በረኛውም እስከ ዋንጫው አልተቀየረም። ለኔ ዋንጫው ያን ለሊት ኮሎምበስ ላይ ተበልቷል፤ ሰው ግን ከቬጋስ ጋር የተደረገውን ፍጻሜ ብቻ ነው የሚያወራው።

አራዳው፦ የበረኛ ወገንተኝነትህን ቀንስ እንጂ! ዋንጫውን ያመጣው አምበሉ ኦቬችኪን ነው። በጥሎ ማለፉ 15 ግብ፣ የውድድሩ ኮከብ። ሌላው አጃቢ ነው።

በረኛው፦ ኦቬችኪንን የነካ የለም። በመደበኛውም 49 አግብቶ ሊጉን መርቷል። ግን ሰውየው ከ2005 ጀምሮ ያገባል፤ 12 ዓመት ሙሉ አግብቶ ከሁለተኛው ዙር አንድ ቀን አላለፈም። ግብ ብቻ ዋንጫ ቢያመጣ ኖሮ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ደግሞ በጥሎ ማለፉ ግብና አሲስት ተደምሮ አንደኛው የቡድን ጓደኛው ኩዝኔትሶቭ ነው፣ 32። ኦቬችኪን 27።

አራዳው፦ ቁጥር ቁጥር ትላለህ። ዋሽንግተን ከ1992 ወዲህ ዋንጫ አይታ አታውቅም ነበር፤ ያንን እርግማን የሰበረው አምበሉ ነው።

የአርኤፍኬ ልጅ፦ ቆይ ቆይ! ዋንጫ አይታ አታውቅም? ዲሲ ዩናይትድስ? 1996፣ 1997፣ 1999፣ 2004። አራት ዋንጫ! እኛ ሀበሾች ካልቆጠርነው ማን ይቁጠረው?

አራዳው፦ እሱ እግር ኳስ ነው፤ አሜሪካኖቹ አራቱ ታላላቅ ሊጎች የሚሉት ውስጥ የለም።

የአርኤፍኬ ልጅ፦ የሚቆጥሩት እነሱ፣ ስታዲየም የምንሞላው እኛ።

ሚሚ ከአሌክሳንድሪያ፦ ሁለታችሁም ወደ ጥያቄው ተመለሱ ባካችሁ።

በረኛው፦ የአርኤፍኬው ልጅ እውነት አለው። ይበቃል ግን።

ቤተሰብ ነን፦ ሆልትቢ መጀመሪያ ላይ ለምን አልተሰለፈም? ተጎድቶ ነበር እንዴ?

በረኛው፦ ከላይ አንብብ። ሙሉ ድርሳን ጽፌበታለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ 20910፦ ጋሼ በረኛው እንደምን አሉ። እኔ የገባሁት በዚያው ዓመት ነው፤ ፒትስበርግን ሲያሸንፉ ከተማው ለምን እንደዚያ እንዳበደ አልገባኝም ነበር። ገና ሁለተኛ ዙር አይደለም?

በረኛው፦ ተባረክ። ይሄ የጠላትነት ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱ በጥሎ ማለፍ አሥር ጊዜ ተገናኝተው ዘጠኙን ያለፈው ፒትስበርግ ነው፤ ካፒታልስ ያሸነፈው በ1994 አንድ ጊዜ ብቻ። በ2016 እና በ2017 ካፒታልስ በመደበኛው ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ነበር፤ ሁለቱንም ዓመት ሁለተኛው ዙር ላይ ፒትስበርግ አሰናብቶት ዋንጫውን ራሱ በላ። በ2017 ሰባተኛውን ጨዋታ እዚሁ ሰባተኛ መንገድ ላይ ባለው በገዛ አዳራሻቸው 2 ለ 0 ተሸንፈው ነው። ከዚያ ቡድኑ ተበተነ ተባለ፤ ጀስቲን ዊሊያምስ ሄደ፣ ጆሃንሰን ሄደ፣ አልዝነር ሄደ፣ ኔት ሽሚትን አዲስ የተመሠረተው ቬጋስ ወሰደው። 2018ን «የሽግግር ዓመት» ብለን ነው የጀመርነው።

ስድስተኛው ጨዋታ፣ ግንቦት መጀመሪያ፣ በፒትስበርግ ሜዳ። ከካፒታልስ ባክስትሮም እጁ ተጎድቷል፣ ቶም ዊልሰን ተቀጥቷል፣ ቡራኮቭስኪ የለም። አንድ ለአንድ ወደ ጭማሪ ሰዓት። ኦቬችኪን መሀል ላይ ለኩዝኔትሶቭ ለቀቀለት፤ ልጁ ብቻውን ሄዶ በፒትስበርጉ በረኛ በማት ሙሬይ እግሮች መካከል አሳለፋት። ከዚያ ክንፉን እያራገበ እንደ ወፍ በረረ። በሙሬይ ግን አልፈርድበትም፤ በረኛ ብቻውን ከሚመጣ አጥቂ ጋር ሲፋጠጥ እግሩን መክፈቱ ግድ ነው፣ ዘግቶ መንቀሳቀስ አይችልም። ይሄን ሃይላይት አያሳይም።

ገና ተጫዋች፦ እኔ የሚገርመኝ፣ ይሄ ጨዋታ የኛው ገና ነው እኮ። ቆልማማ ዱላ፣ ሩር ማሳደድ፣ መጋጨት። በረዶ ጨመሩበትና የነሱ አደረጉት።

በረኛው፦ ዱላው ይመሳሰላል። ገናን ሜዳ ሙሉ ሰው ነው የሚጫወተው፤ እዚህ አምስት ሰውና አንድ በረኛ ብቻ።

ገና ተጫዋች፦ እሱ ዝርዝር ነው።

አራዳው፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው የኛ። እዚህ እኮ ጓንት አውልቀው ይደባደባሉ!

በረኛው፦ ይቆጣሉ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይቀመጣሉ፣ ተመልሰው ይጫወታሉ። ስለ ድብድቡ ከዚህ በላይ አልመልስም፤ የድብድብ ቪዲዮ የሚፈልግ ዩቲዩብ አለለት።

ዶሃ ነኝ፦ ኳታር ለዋሽንግተን ባቡር ከፈለች የሚባለው እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

በረኛው፦ እውነት ነው። በሦስተኛው ዙር ከታምፓ ጋር በተደረገው አራተኛ ጨዋታ ሜትሮው አንድ ሰዓት ተጨማሪ እንዲሠራ 100,000 ዶላር የከፈለችው ኳታር ናት። ያን ጊዜ በሥራ ቀን ሜትሮው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋ ነበር፤ ጨዋታው ከረዘመ ደጋፊው መንገድ ላይ ይቀራል።

ዶሃ ነኝ፦ ጉድ! እኔ የአንድ ሰዓት ትርፍ ክፍያ አለቃዬን ለምኜ አላገኘሁም።

በረኛው፦ እኛ ታክሲ ነጂዎችም አላመሰገንንም፤ የዚያን ሌሊት ሁለት ሰው ብቻ ነው የጫንኩት።

ሰባተኛ መንገድ፦ ያ ጥቁሩ ልጅ፣ የመጨረሻው ቀን አቻ ያደረገው፣ ማን ነበር?

በረኛው፦ ደቫንቴ ስሚዝ-ፔሊ፣ ካናዳዊ። የፊተኛው ክረምት ኒው ጀርሲ ውሉን ገንዘብ ከፍሎ ያፈረሰበት፣ ካፒታልስ በ650,000 ዶላር ለአንድ ዓመት ያነሳው ልጅ ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ቺካጎ ላይ የቅጣት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ተመልካቾች «ባስኬትቦል! ባስኬትቦል!» እያሉ በቀለሙ ሰደቡት፤ አራቱ ከአዳራሹ ተባረሩ። በመደበኛው 75 ጨዋታ ተጫውቶ ያገባው ሰባት ግብ ነበር። በጥሎ ማለፉ በ24 ጨዋታ ደግሞ ሰባት! በፍጻሜው ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ጨዋታ ተከታትሎ አገባ። በአምስተኛው ቬጋስ 3 ለ 2 ሲመራ እየወደቀ አቻ አደረገ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ያው ኤለር አራተኛዋን ጨመረ፤ 7 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ሲቀር። ሰኔ 7፣ በኛ ግንቦት 30 ቀን 2010። አራዳው፣ «አጃቢ» ያልካቸው እነዚህ ናቸው።

አራዳው፦ እሺ፣ ግማሽ ነጥብ ሰጠሁህ።

ቤተሰብ ነን፦ አሰልጣኙ ዋንጫ በልቶ ለምን ለቀቀ?

በረኛው፦ ውል። ከዋንጫው 11 ቀን በኋላ ለቀቀና አይላንደርስ የሚባለው ቡድን ገባ። የሰው ደመወዝ አልቆፍርም።

ዳላስ ነኝ፦ ትኬት በርካሽ የት ይገኛል?

በረኛው፦ የማወራው ስለ 2018 ነው! ደግሞ ከማታውቀው ሰው የስልክ ፎቶ ትኬት እንዳትገዛ።

ሚሚ ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ «ማዳኗ» እያሉ ሁሉም የሚያወሯት ኳስ የቷ ናት?

በረኛው፦ ፓክ። ፓክ፣ እህቴ።

የፍጻሜው ሁለተኛ ጨዋታ ናት፣ ቬጋስ ላይ። የመጀመሪያውን 6 ለ 4 ተሸንፈዋል። ሁለተኛውን 3 ለ 2 እየመሩ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቀረ። ፓኳ ከቦርዱ ላይ ተንጥራ ለቬጋሱ ኢኪን ደረሰች፤ እሱ ወደ ማዶ ሲያሻግራት አሌክስ ተክ ባዶ በር ፊት ቆሟል። ሆልትቢ በሌላው ጎን ነበር። ተወርውሮ በዱላው ሰፊ ጎን መለሳት። ሰው «ዕድል ነው» ይላል፤ ዕድል አይደለም። ዓይኑ ፓኳን አልለቀቃትም። ይሄ ሰውዬ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ከውሃ መያዣው ሽቅብ ይረጭና አንዷን ጠብታ መርጦ እስክትወድቅ በዓይኑ ይከተላታል፤ ዓመቱን ሙሉ ይሄን ሲያደርግ እንደ እብድ አየው ነበር። ያቺ ብትገባ ሦስት ለሦስት ሆነው ወደ ጭማሪ ሰዓት ይሄዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ቬጋስ አንድም አላሸነፈም።

አራዳው፦ ከታምፓ ጋር ስድስተኛውና ሰባተኛው ላይም ግብ አልተቆጠረበትም አይደል? ለአንተ ስል ነው ያነሳሁት።

በረኛው፦ 3 ለ 0 እና 4 ለ 0። ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ ሳይቆጠርበት ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ 3 ለ 2 ተመርቶ ሁለቱን ተከታታይ ዘጋ። ልብህ እየተመለሰ ነው።

ቤተሰብ ነን፦ ሆልትቢ ግን መጀመሪያ ለምን…

በረኛው፦ ከላይ!!

ሲልቨር ስፕሪንግ 20910፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ። ከዚያ ዓመት አንድ ሙሉ ጨዋታ ብቻ ልይ ብል የቱን ልይ?

በረኛው፦ ኮሎምበስ፣ ሦስተኛው ጨዋታ። ሙሉውን፣ ሁለቱንም ጭማሪ። ፓኳን አትከተል፣ መጀመሪያ ላይ አይንህ አይደርስባትም። ካሜራው ባሳየህ ቁጥር ሆልትቢን ብቻ እይ፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰነበተ ሰው እንዴት እንደሚቆም። በሁለተኛው ጭማሪ ላይ ትከሻው ሲላላ ታያለህ። እኔ ልሂድ፣ የኤርፖርት ጥሪ መጥቷል።