የቴሌግራም ቦቴ ሌሊቱን ሙሉ ሬዲዮ ሲያዳምጥ አደረ

ጠያቂው ወንድሜ፣ «በአይኦኤችቲቲፒ ከሊንክ ላይ ሳነብ ከ5 ሜጋ በላይ እንዳይገባ እፈልጋለሁ፤ ኮንቴንት ሌንግዝን ቼክ ማድረግ ይበቃል ወይ?» ብለሃል። አይበቃም። (ለአዲስ ሰው፦ አይኦኤችቲቲፒ በፓይተን ቋንቋ ከኢንተርኔት ገጽ የሚያነብ ላይብረሪ ነው፤ ኮንቴንት ሌንግዝ ደግሞ ላኪው ሄደር በሚባለው ራስጌ ላይ «የምልከው ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚጽፈው መጠን።) እኔ ይበቃል ብዬ ብርም እንቅልፍም ከስሬበታለሁ። አንተም እንደኔ ትንሽ ሰርቨር ተከራይተህ የቴሌግራም ቦት እየሰራህ ነው ብዬ ልገምትና ልንገርህ።

1. ኮንቴንት ሌንግዝ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይመጣም። ላኪው በቻንክ፣ ማለትም እየቆራረጠ፣ ሲልክ መጠኑን አስቀድሞ አይናገርም፤ ራሱም አያውቀውማ። እኔ ታዲያ «ሄደሩ ከሌለ ዜሮ ቁጠረው» ብዬ ጻፍኩ። ዜሮ ከ5 ሜጋ ያንሳል። መጠኑ ያልታወቀ ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል ማለት ነው። ይቺን አንድ መስመር ስጽፍ ሁለት ሰከንድ አልፈጀብኝም፤ ለማግኘት ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ቦቱ ሰዎች የዜና ሊንክ ሲልኩለት ገጹን አንብቦ ጽሑፉን ብቻ የሚመልስ ነበር። ሰርቨሩ 1 ጊጋ ራም፤ ሌላው ከወሰደው ተርፎ ግማሽ ጊጋ ያህል ባዶ አለኝ። ስጀምር ቆንጆ ሰራ። ከዚያ በየጠዋቱ ሞቶ አገኘው ጀመር። ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ቀጥ ይላል። ደንበኛዬ ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይሄ ፕሮግራም ነው ጄኔሬተር? በየጠዋቱ እየተነሳህ የምታስነሳው!» የመጨረሻውን ክፍያም በዚያው ያዘብኝ።

የከርነሉን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ሎግ ሳይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ»፣ ራም አለቀ፣ ብሎ ፓይተኔን ገድሎታል። ሰርቨር አከራዮቹን ጠየቅኳቸው። መልሳቸው አንድ መስመር፦ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ፕላንህን አሳድግ። ግራፉን አያይዤ ደግሜ ጻፍኩ። ያቺኑ መስመር ኮፒ አድርገው ቲኬቱን ዘጉት። እኔም ሞኙ አሜሪካ ያለችውን የአክስቴን ልጅ ለምኜ፣ በእሷ ካርድ ወደ 2 ጊጋ አሳደግኩ። ምን ተለወጠ? ንጋት ላይ መሞቱን ትቶ በማግስቱ ማታ 4 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቦቱን በሚጠቀምበት ሰዓት ይሞት ጀመር። በዶላር ከፍዬ የባሰ ሰዓት ገዛሁ!

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ሊንክ «ጀመርኩ» እና «ጨረስኩ» የሚል ሎግ አስገባሁ። አንድ ሊንክ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጀምሮ መጨረሻ የለውም። ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ሙዚቃ መጫወት ጀመረ። የኢንተርኔት ሬዲዮ ነው! አንድ ተጠቃሚ በየማታው ይልከዋል፣ ቦቱ መልስ ስለማይሰጠው በማግስቱ ደግሞ ይሞክራል። ቀጥታ ስርጭት ደግሞ መጨረሻ የለውም፤ የእኔ ሪድ (ገጹን የሚያነበው ትእዛዝ) እስኪያልቅ ይጠብቃል። 128 ኪሎቢት ሬዲዮ በሰከንድ 16 ኪሎባይት ነው። በሰዓት 57 ሜጋ አለፍ ይላል። በዘጠኝ ሰዓት ግማሽ ጊጋ። ከማታ 3 እስከ ንጋት 12 ስንት ሰዓት ነው? ቁጠረው። ካልኩሌተሩን ይዤ ብቻዬን ሳቅኩ።

ላይብረሪውንም አልወቅስም። አይኦኤችቲቲፒ ሳትነካው ከተውከው ጠቅላላ ታይምአውቱ (ለአንድ ሊንክ የሚጠብቀው የጊዜ ገደብ) 5 ደቂቃ ነው፤ ሬዲዮውን ያኔውኑ ይቆርጠው ነበር። ቤት ሆኜ ስሞክር ኔትወርኩ እየተጎተተ ታይምአውት ሲያስቸግረኝ፣ ጠቅላላውን «የለም» ብዬ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ሰርቨር ላይ ስጭነው መመለሱን ረሳሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

2. «እሺ፣ ሪድ ውስጥ 5 ሜጋ ብዬ ቁጥር ልስጠው» እንዳትል። ብዬ ነበር። ቁጥሩ «እስከዚህ ድረስ» ማለት እንጂ «ይህን ያህል አምጣ» ማለት አይደለም። በዚያች ቅጽበት የደረሰውን ይሰጥህና ይመለሳል። ዜናዎቹ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ተቆርጠው ሲመጡ ደንበኛዬ ምን እንዳለ አልጽፈውም፣ ግሩፑ ውስጥ ታዳጊዎች አሉ። የፓይተኑ ስትሪም ሪደር (የሚመጣውን ዳታ የሚቀበለው ክፍል) ላይ ያለው «ሊሚት»ም አያታልልህ። ያ 64 ኪሎባይት የመስመር ንባብ በአንድ ጊዜ ሊያጠራቅም የሚችለው ነው፣ ጠቅላላውን አይገድብም።

የሚሰራው ይሄ ነው። በ64 ኪሎባይት ቻንክ እየዞርክ አንብብ። እያንዳንዱን ቻንክ ወደምታጠራቅምበት ሊስት ከመጨመርህ በፊት ርዝመቱን ድምሩ ላይ ደምር። ድምሩ ከ5 ሜጋ አለፈ? ሉፑን ስበር፣ ሪስፖንሱን (የሚመጣውን መልስ) ዝጋ፣ «በዝቷል» የሚል የራስህን ኤረር አስነሳ። «እኩል ከሆነ» ሳይሆን «ከበለጠ» በል፤ ልክ 5 ሜጋ የሆነ ፋይል ምንም አላጠፋም። ረስት በሚባል ሌላ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፍ ጓደኛዬ «እኛ ጋ ንባቡን የሚገድብ ቴክ የሚባል አለ፣ በአንድ ቃል ያልቃል» ብሎ ጉራውን ነዛብኝ። ግን ያ ገደቡ ላይ ሲደርስ ፋይሉ እንዳለቀ አስመስሎ ዝም ይላል። አልቆ ይሁን ተቆርጦ ለማወቅ አንድ ባይት ጨምረህ መጠየቅ አለብህ። ያቺ ትርፍ ባይት ከመጣች በልጧል። ይህን ስነግረው ዝም አለ።

እንዲህ ስትቆጥር በጂዚፕ (ፋይል በሚያሳንስ ማመቂያ) ታሽጎ የመጣውንም ከተፈታ በኋላ ነው የምትቆጥረው። ዜሮ ብቻ የሞላ ፋይል ወደ ሺህ እጥፍ ይታመቃል፤ ኮንቴንት ሌንግዙ 1 ሜጋ ሲል ራምህ ላይ 1 ጊጋ ሊዘረገፍ ይችላል።

ታይምአውቱንም መልሰው፣ ጠቅላላውን። በሁለት ንባብ መካከል ያለውን ብቻ ካስቀመጥክ ሬዲዮው በየጊዜው ጠብ ስለሚያደርግ በጭራሽ አይነካውም። በባይት ገደብ ብቻ ብትተማመን ደግሞ ያ ሬዲዮ 5 ሜጋ እስኪሞላ ከ5 ደቂቃ በላይ ይይዝሃል። እኔ 60 ሰከንድ ነው የሰጠሁት።

3ኛው ምን ነበር? አዎ፣ ፊደል። ይሄን እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነቡት አይነግሩህም። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ስርዓት) እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ «ሰላም» 9 ባይት። 64 ኪሎባይት 65,536 ነው፣ ለ3 ብታካፍለው 1 ይተርፋል። ቻንኩ በደረሰ ቁጥር ወደ ጽሑፍ ከቀየርከው አንዱ ፊደል መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ደንበኛዬ «ቦትህ ፊደል ይበላል» ያለኝ ለዚህ ነው። በቃሉ መሃል ያ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ ባይቱን ሁሉ አገጣጥም፣ ከዚያ አንዴ ዲኮድ አድርግ (ወደ ጽሑፍ ቀይር)። ረጅም ገጽ ቆርጠህ የምታሳይ ከሆነ መጨረሻ ላይ የተሰነጠቀውን ፊደል እንዲዘለው ለዲኮዱ ንገረው።

አሁን ቦቱ 1 ጊጋ ላይ ተመልሶ ይሰራል። ሬዲዮ ወዳዱ ሰውዬ አሁንም ሊንኩን ይልካል፤ «ይህን ማንበብ አልችልም» የሚል መልስ በደቂቃ ይደርሰዋል። አንድ ቀን «ታዲያ ማዳመጥስ?» ብሎ ጻፈለት።

ሪድ የምትልበትን መስመርና የታይምአውት ሴቲንግህን እዚሁ ለጥፈው፣ ማታ ገብቼ አየዋለሁ።