«ሁለተኛው ስብሰባ ላይ 9 ሰው ብቻ መጣ» ላለችው ተመራቂ

«ዘንድሮ እመረቃለሁ። ወጣቶችን ስለ መብታቸውና ግዴታቸው ማስተማር፣ በአካባቢያቸው ጉዳይ እንዲሳተፉ ማድረግ እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ‹ይሄ ሥራ ነው ወይስ በጎ ፈቃድ?› ይሉኛል። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ልምድ ይጠይቃል። በክበባችን ስልጠና አዘጋጅቼ መጀመሪያ አዳራሹ ሞላ። ሁለተኛው ላይ ግን 9 ሰው ብቻ መጣ። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩ ይሆን?»

እህቴ፣ ከዘጠኙ ልጀምር።

የመጀመሪያ ቀን አዳራሽ በብዙ ምክንያት ይሞላል። ጓደኛው ጎትቶ ያመጣው አለ። ሰርተፊኬት ይሰጣል ሲሉ ሰምቶ የመጣ አለ። ዘጠኙ ግን ነገሩን አይተው፣ ወደው የተመለሱ ናቸው። ስማቸውን ይዘሻል? ካልያዝሽ ዛሬውኑ ያዢ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ደውይና ምን ፈልገው እንደተመለሱ ጠይቂ። ከቀሩትም ለሁለት ሦስቱ ደውይ። «ሰለቸን» ቢሉሽ ቅር አይበልሽ፣ ስሚያቸው።

ስልጠናው ስለ ምን እንደነበር አልነገርሽኝም። ልገምት፦ የሕገ መንግሥት አንቀጾች፣ የዴሞክራሲ ትርጉም፣ መብትና ግዴታ፣ በፓወርፖይንት። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የጀመርነው። ግን አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በጨለማ መንገድ ወደ ቤቷ ስትገባ የምታስበው ስለ አንቀጽ አይደለም። የመንገዱ መብራት ለምን እንደማይጠገን ነው። ትምህርቱ ከዚያ መብራት ቢጀምር፣ አንቀጹን ራሷ ትጠይቅሻለች።

ይህን ለማስረዳት ሁሌም የማነሳት አንዲት ፀጉር ሠሪ አለች። በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፣ አሜሪካ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጆንስ በሚባል ደሴት። በዚያን ጊዜ ለመራጭነት መመዝገብ የሚፈልግ ሰው የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት አንብብ ይባል ነበር። ማንበብ ያልተማሩት ጥቁሮች በዚህ ሰበብ ከምርጫ ይቀራሉ። ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል የደሴቲቱ ሰው አውቶቡስ ነበረው፤ ሠራተኞችን ወደ ቻርልስተን ከተማ ሲያመላልስ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ያስተምራቸው ጀመር። በኋላ መምህርት ሴፕቲማ ክላርክና ባልደረቦቿ የማታ ትምህርት ሊከፍቱ ሲያስቡ፣ አስተማሪ እንድትሆን የጠየቁት በርኒስ ሮቢንሰንን ነው። የማስተማር ሙያ አልነበራትም። ሰው የሚያዳምጣት፣ እሷም ሰውን የምታዳምጥ ፀጉር ሠሪ ነበረች።

መጀመሪያ የሕፃናት ማስተማሪያ ይዛ ገባች። ለአዋቂ እንደማይሆን ወዲያው ገባት፣ አስቀመጠችው። ከዚያ ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። ስማችንን መጻፍ፣ የገንዘብ መላኪያ ቅጽ መሙላት አሏት። ትምህርቱም ያ ሆነ፤ የመራጮች መመዝገቢያው ቅጽ እንደ ሌላው ቅጽ አብሮ ተጠና። ያቺ ክፍል በ14 ሰው ነው የተጀመረችው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ትምህርቱ በደቡባዊ ግዛቶች ሁሉ ተዛመተ። አንቺ በእጅሽ 9 አሉሽ።

አሁን ወደ ልምዱ እንምጣ። ከዘጠኙ ጋር አንድ ጉዳይ ምረጡ። አንድ ብቻ። እነሱ ይምረጡ፣ አንቺ አትምረጪላቸው። ከዚያ የጉዳዩ ባለቤት ማን እንደሆነ ፈልጉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ መብራት ኃይሉ ነው ወይስ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ? ይህን ለማወቅ ስትሯሯጡ የመንግሥትን አሠራር ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ትማራላችሁ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። መዝገብ ቤት አስገቡና በቅጂው ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ያቺን ቅጂ እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂያት። «ነገ ተመለሱ» ሲሏችሁ ተመለሱ፣ የተመለሳችሁበትንም ቀን መዝግቡ። መልስ ቢመጣም ባይመጣም ወደ ሰፈሩ ሰው ሄዳችሁ የሆነውን ንገሩ። ብዙዎች የሚዘሏት ይህችን ነው፤ ሰውም «ጠይቀውን ጠፉ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዱ አመልካች «ለ2,000 ወጣቶች ግንዛቤ ፈጥሬያለሁ» ብሎ ሲቪው ላይ ጽፏል። «ከዚያስ ወጣቶቹ ምን አደረጉ?» ብለን ስንጠይቀው ዝም አለ። ቀጥላ የገባችው ልጅ የፕላስቲክ ፋይል ይዛ ነበር። ውስጡ ትምህርት ቤት በር ላይ የእግረኛ መሻገሪያ እንዲቀባ የጠየቁበት ደብዳቤ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ሁለተኛው ደብዳቤ፣ በመጨረሻም ገና ያልደረቀ ነጭ ቀለም ያለበት ፎቶ። ከዚያ በኋላ ስለ ንድፈ ሐሳብ የጠየቃት የለም። በማስታወቂያ ላይ «ክትትልና ግምገማ» የሚሉት ነገር በዚያች ፋይል ውስጥ ነበር።

ለቤተሰቦችሽ ደግሞ ሥራ ነው በያቸው። የምርጫ አስፈጻሚ ተቋማት የመራጮች ትምህርት ክፍል አላቸው። የሰብአዊ መብት ኮሚሽኖች፣ የከተማ አስተዳደር የወጣቶች ቢሮዎች፣ ሲቪል ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶችና ሚዲያዎችም ይቀጥራሉ። ግን ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ብዙው ቅጥር በፕሮጀክት ነው፤ የለጋሹ ገንዘብ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። ስለዚህ ሌላ ቦታ የሚያስቀጥርሽ አንድ ችሎታ አብረሽ ያዢ። በጀት መሥራት፣ መረጃ ማጠናቀር ወይም ጥሩ ሪፖርት መጻፍ ሊሆን ይችላል። እኔን ብትጠይቂኝ ሪፖርት መጻፉን እመርጥልሻለሁ፤ በሚገባ የሚጽፍ ሰው ሁሌም ይፈለጋል። ያለ ክፍያ ማገልገልንም በጊዜ ገድቢው። ስድስት ወር ይበቃል።

የፓርቲ ነገር ላይ ቀልድ የለም። እንዴት እንደሚመረጥ ታስተምሪያለሽ፣ ማን እንደሚመረጥ ግን ካንደበትሽ አይውጣ። በማኅበራዊ ሚዲያም ቢሆን። ሰው አንዴ «የእገሌ ወገን ናት» ካለሽ ግማሹ ሰፈር በሩን ይዘጋብሻል።

ደግሞም የምትገቢበትን ድርጅት አንቺም ፈትኚው። የልጆች ተሳትፎ ተመራማሪው ሮጀር ሃርት በ1992 እ.ኤ.አ. የልጆችን ተሳትፎ 8 ደረጃ ባለው መሰላል አስቀምጦታል። ታችኞቹ 3 ደረጃዎች ተሳትፎ የሚባሉ አይደሉም፤ ልጆቹ መጠቀሚያ፣ ጌጥ ወይም ለስም ያህል የተቀመጡ ናቸው። ቲሸርት ለብሰው ፎቶ የሚነሱትን አስቢ። የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ግን በ2014 እ.ኤ.አ. ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች 1 ሚሊዮን ዶላር የከተማዋ በጀት በምን ላይ እንደሚውል በድምፃቸው እንዲወስኑ አድርጋለች። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ጥያቄ አለሽ?» ይሉሻል። ያኔ «ወጣቶቹ የሚወስኑት ምኑን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በጥሞና ስሚ።

ለዘጠኙ ማስታወቂያ አትለጥፊ፣ ደውይላቸው። ደብዳቤውን ስትጨርሱ መዝገብ ቤት ከመግባቱ በፊት ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።