«የእነሱን ሠራተኛ አንወስድም» መባል ሕጋዊ ነው?

ጥያቄ፦ ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ ውስጥ በአንድ የሆም ኬር (ታካሚን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚንከባከብ) ኤጀንሲ በሰዓት እየተከፈለኝ በነርስነት እሠራለሁ። ወደ ሌላ ኤጀንሲ ለመሄድ ስጠይቅ ኃላፊዋ «ከአለቃሽ ጋር ተነጋግረናል፤ አንዳችን የሌላውን ሠራተኛ አንወስድም፤ ክፍያውም ያው ነው» የሚል ቴክስት ላከችልኝ። ስቀጠር ደግሞ ለተፎካካሪ እንዳልሠራ ፈርሜያለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ቴክስቱን እንዳያጠፉት። የክርክርዎ ዋና ማስረጃ እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው የአሜሪካ የሸርማን ሕግ ነጋዴዎች በመሸጫ ዋጋ እንዳይመሳጠሩ ብቻ ሳይሆን አሠሪዎች በደመወዝ እንዳይመሳጠሩም ይከለክላል። በኤፕሪል 2025 እዚያው ላስ ቬጋስ የፌዴራል ጁሪ (ከዜጎች የተውጣጣ ፈራጅ ሸንጎ) የሆም ኬር ነርሶችን ክፍያ ከሌሎች አሠሪዎች ጋር ተመሳጥሮ የወሰነ አንድ ኃላፊ ጥፋተኛ ብሎታል። ከዚያ በፊት ግን መንግሥት በእንዲህ ዓይነት የወንጀል ክሶች ጁሪ ፊት ደጋግሞ ተረትቷል፤ ስለዚህ ነገሩን ያለቀለት አድርገው አይዩት።

ከባዱ ነገር ስምምነቱን ማስረዳት ነው። ክፍያው ተመሳሳይ መሆኑ ብቻውን ምንም አያሳይም፤ ሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚከፍለው የመንግሥት የጤና መድን) ለሁሉም ኤጀንሲ በአንድ ተመን ከከፈለ ደመወዙም መቀራረቡ አይቀርም። «ተነጋግረናል» የሚለው ቃል ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ኤጀንሲዎች የአንድ ባለቤት አለመሆናቸውንም ያጣሩ፤ ከሆኑ ሕጉ እንደ አንድ ድርጅት ስለሚያያቸው ክሱ ይወድቃል።

የፈረሙት ውል አያስጨንቅዎ። የኔቫዳ ሕግ በሰዓት ብቻ የሚከፈለውን ሠራተኛ ለተፎካካሪ እንዳይሠራ በውል ማሰር አይፈቅድም። አሠሪዎች ይህን እያወቁም ያስፈርማሉ፤ ማስፈራሪያነቱ ይበቃቸዋል።

አለቃዎን አሁን አይጋፈጧቸው። ከባልደረቦችዎ ጋር ስለ ደመወዝ መነጋገር ግን መብትዎ ነው፤ ለእነሱም ተመሳሳይ ነገር ተነግሯቸው እንደሆነ ይጠይቁ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ ይጻፉ፤ የታካሚ መረጃ ግን ፎቶ አንስተው እንዳይወስዱ፣ ያ ራስዎን ያስጠይቃል። ከዚያ ለፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት የፀረ ሞኖፖሊ ክፍል ማመልከት ይችላሉ። በግል ከከሰሱና ካሸነፉ የጉዳትዎን ሦስት እጥፍ ያገኛሉ፤ የክሱ ጊዜ በመሠረቱ 4 ዓመት ነው።

በማመልከትዎ ከተባረሩ ወይም ሰዓት ከተቀነሰብዎ ከ2020 ወዲህ የሚጠብቅዎ ሕግ አለ። አቤቱታው ግን በ180 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር መቅረብ አለበት።