የሪሞት መኪናው ማርሚታ ቡሎን ለምን እየላላ ያስቸግራል?

ሰላም ወንድምዓለም። ጥያቄህን ማታ አይቼው ነበር፤ በጥድፊያ ከምመልስ ብዬ ለዛሬ አቆየሁት። ደሴ ነህ። አንድ አምስተኛ የምትባለዋ (የእውነተኛ መኪና አንድ አምስተኛ የምታህለዋ) ትልቋ ሪሞት መኪና አለችህ፤ ሞተሯ ባለ 26 ሲሲ ቱ ስትሮክ ነው። ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን፣ ከሲሊንደሩ ጋር የሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች አንድ ታንክ ቤንዚን ሳያልቅ ይላላሉ። ሰማያዊ ሎክታይት (ቡሎን እንዳይላላ የሚቀባውን ሙጫ) ቀባህ፣ ስፕሪንግ ሮንዴላ ጨመርክ፣ ለውጥ የለም። «ከዚህ በላይ ላጥብቀው ወይ?» ነው ያልከው።

አታጥብቀው። እኔ ኮምቦልቻ የውሃ ፓምፕና የሣር ማጨጃ ሞተር ስጠግን ነው የምውለው። ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝን፣ ካንተዋ ጋር አንድ ዓይነት የሆነች መኪናም ሦስት ዓመት ነድቻለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በላላ ቁጥር ማጥበቅ ነበር ሥራዬ። አንድ ቀን ቁልፉ ድንገት ቀለል አለኝ። ቡሎኑን ሳወጣው በጥርሶቹ መሃል የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ክር ተጠምጥሞበት ወጣ። የሲሊንደሩን ጥርስ ጨርሼው ነበር። ለቶርኖ ባለሙያ ሰጥቼ የብረት ጥርስ እስኪገባለት ድረስ መኪናዋ ሁለት ወር ቆመች። አንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ሎክታይቱ አንተን አልከዳህም፤ ቦታው አይደለም። ሰማያዊው እንደ ዓይነቱ ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው የሚችለው። የጭስ መውጫው አፍ ላይ ያለው ሙቀት ከዚያ ያልፋል። ናይለን ያለበት ዳዶ ከዚያም ቀድሞ እጅ ይሰጣል። ስፕሪንግ ሮንዴላውም ሙቀት ሲደጋገምበት ስፕሪንግነቱ ይጠፋና ተራ ሮንዴላ ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ሁለቱ እኩል አይሄዱም። ሞተሩ በደቂቃ 15 ሺህ ዙር ሲዞር ደግሞ በሰከንድ 250 ጊዜ ይፈነዳል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ሁለት ቀጫጭን ቡሎኖች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በእኔ ልምድ ከአሥሩ ስምንቱ ላይ ጥፋቱ የቡሎኑ ሳይሆን የማርሚታው አቀማመጥ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን ቡሎኖች ሙሉ በሙሉ ፍታቸው። ማርሚታውን ከኋላ በኩል የሚይዘውን መያዣ ግን አትንካው። ማርሚታው ከሲሊንደሩ ተስፈንጥሮ ራቀ? ወይ ወደ ጎን ሄደ? እንግዲያው ቡሎኖቹ ማርሚታውን መያዝ ብቻ ሳይሆን ቀን ከሌት እየጎተቱት ነው ማለት ነው። የኋላው መያዣ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የባሰ ነው። ያ ረጅም ቧንቧ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር እንደ ዲጅኖ እጀታ ሆኖ ቡሎኖቹን ይፈለቅቃቸዋል። መያዣ ሥራለት፤ ግን ድርቅ ያለ አይሁን። ሙቀት የሚችል ጎማ ወይም ስፕሪንግ በመሃል ይግባ።

ቀጥሎ የማርሚታውን አፍ እይ። አንድ ቁራጭ የመስኮት መስታወት ፈልግ፤ መስታወት ዝንፍ የለውም። ላዩ ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፍ። የማርሚታውን አፍ በማርከር ሙሉውን አጥቁረውና ወረቀቱ ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ በቀስታ አሽው። አሥር ጊዜ ያህል አሽተህ ገልብጠህ እየው። የእኔ ሲገለበጥ ሁለቱ የቡሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ አብርተው መሃሉ ጥቁር እንደሆነ ነበር። ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ጆሮዎቹ ታጥፈዋል ማለት ነው። ጥቁሩ እስኪጠፋ ድረስ ታግሠህ አሽው። ከዚያ በማርሚታውና በሲሊንደሩ መሃል ጭስ እንዳይወጣ የሚገባውን ጉርኒሲዮን አዲስ አስገባበት። አሮጌውን መልሰህ አትጠቀም፤ አንዴ የተጨመቀ ጉርኒሲዮን ሁለተኛ አይጨመቅም። የቡሎኑን ጉድጓድም ከዘይት አጽዳ።

ስትገጥም ሁለቱን ቡሎኖችና የኋላውን መያዣ በእጅ ብቻ አስገባ። ሁሉም ሳይታገል ቦታውን ከያዘ በኋላ ሁለቱን ቡሎኖች እያፈራረቅክ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ። መያዣው መጨረሻ ላይ ነው። የአለን ኪውን (የታጠፈውን ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ረጅም ክንድ የቡሎኑ ጭንቅላት ጉድጓድ ውስጥ አስገባና በአጭሩ ክንድ ነው የምታጠብቀው። እሱ ይበቃል። ለአምስት ደቂቃ አስነሳ፣ አጥፋ፣ በእጅህ መንካት እስክትችል ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ሞክረው። መጀመሪያ ላይ ቡሎኑ ትንሽ ተጨማሪ ይጠብቃል። ይህን ሦስት ጊዜ ከደገምከው በኋላ መጨመሩን ካቆመ ተረጋግቷል።

ከዚህም በኋላ ካላመንከው ሽቦ አለልህ። የቡሎኖቹን ጭንቅላት በ1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሳና ዝገት የማይነካውን ሽቦ በሁለቱ መሃል እየጠመዘዝክ እሰራቸው። አንዱ ሊላላ ሲል ሌላውን እንዲያጠብቅ ሆኖ ይታሰር። ኖርድ-ሎክ የሚባለው ጥንድ ሮንዴላም ይሠራል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ አስመጣ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደሴ ስለሆንክ ነው። ካርቡራተሩን ደሴ ላይ አስተካክለህ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የምትነዳ ከሆነ፣ ታች አየሩ ወፍራም ስለሆነ ቤንዚኑ ያንስበታል። ሞተሩ ይግላል፤ ማርሚታውም አብሮ። ስትወርድ የላይኛውን ዙር መርፌ (ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ቤንዚኑን የሚመጥነውን የካርቡራተር ቪት) የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ወደ ግራ ክፈትለት፤ ስትመለስ መልሰው።

የኋላውን መያዣ ፎቶ እዚሁ ላክልኝ። እሁድ የምትወርድ ከሆነም መስታወቱንና ሽቦውን ይዤ እጠብቅሃለሁ፤ አብረን እንሠራዋለን።