ናሙናው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት፦ ለወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች

የተወደዳችሁ ወጣት የሙያ ልጆቼ፣

ዛሬ ሥራ ስትጀምሩ የምታገኟቸው መሣሪያዎች እኛ ተማሪ ሳለን ያልነበሩ ናቸው። የቱቦውን ባርኮድ ራሱ የሚያነብ፣ ደሙን ራሱ የሚቀዳ፣ ውጤቱንም ወደ ሐኪሙ ኮምፒዩተር ራሱ የሚልክ አናላይዘር በእጃችሁ ነው፤ በዚህም ከልቤ ደስ ይለኛል። የሊዮናርድ ስኬግስ የፈጠራ ሥራ የሆነው አውቶአናላይዘር እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በእጅ ሥራ ይመጡ የነበሩ ብዙ ስህተቶች ቀርተዋል። ልመክራችሁ የፈለግሁት ስላልቀሩት ነው። እነዚህም በአብዛኛው የሚፈጠሩት ናሙናው ማሽኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በምንመዘግበው፣ ውጤቱ ከወጣ በኋላም በምናስቀምጠው መረጃ ላይ ነው።

በአገራችን ከሁሉ አስቀድማችሁ ልትጠነቀቁበት የሚገባው የቀን አመዘጋገብ ነው። የላቦራቶሪው የኮምፒዩተር ሲስተም ብዙውን ጊዜ የሚያሰላው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን፣ የምርመራ መጠየቂያውን የምትሞላው ነርስ ግን የምትጽፈው እናትየዋ የነገረቻትን የኢትዮጵያ ቀን ነው። ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደ አራስ ልጅ፣ በተወለደ በማግስቱ ደሙ ተወስዶ የልደት ቀኑ 10/05/2016 ተብሎ እንዳለ ቢገባ፣ ሲስተሙ ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው ልጅ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ የውጤቱንም ጤናማ ወሰን የሚመርጠው በዚያው ዕድሜ ነው። በዴሲሊትር 12.5 ግራም ሄሞግሎቢን ለሰባት ዓመት ልጅ ጤናማ ነው፤ በተወለደ በማግስቱ ላለ አራስ ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ሐኪሙ ወዲያው ሊያውቀው ይገባል። ማሽኑ በትክክል ለክቷል፣ ኮንትሮሉም (ማሽኑን ለመፈተሽ የምንጠቀምበት፣ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና) አልፏል፣ በውጤቱ ወረቀት ላይ ግን ምንም የማስጠንቀቂያ ምልክት አይወጣም። ስለዚህ በመመዝገቢያው ላይ ለዓ.ም. እና ለእ.ኤ.አ. የተለያየ ቦታ እንዲኖር፣ ልወጣውን ሶፍትዌሩ እንዲሠራው፣ የሕፃናት ዕድሜም በቀንና በወር ተጽፎ ከልደት ቀኑ ጋር እንዲመሳከር አለቆቻችሁን ሳትሰለቹ ጠይቁ።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። ጠዋት በ3 ሰዓት የተቀዳ ደም 03:00 ተብሎ ከገባ ናሙናው በኮምፒዩተሩ ዘንድ ስድስት ሰዓት አርጅቷል። ሴረሙ ሳይለይ በክፍል ሙቀት በቆየ ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ የተቀዳበት ሰዓት የውጤቱ አካል እንጂ የቢሮ ፎርማሊቲ አይደለም። ስምም ቢሆን አንዱ ኃይሉ ሌላው ሀይሉ ብሎ ስለሚጽፈው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገባ ደግሞ ልዩነቱ ስለሚብስ፣ ታካሚን የምትለዩት ከስሙ በተጨማሪ ሁልጊዜ በመለያ ቁጥር ይሁን።

በምርምር ላቦራቶሪ የምትሠሩ ደግሞ 96 ትንንሽ የናሙና ጉድጓድ ያለውን ፕሌት (ጠፍጣፋ ሳህን) አስቡ። ፕሌቱ ግማሽ ዙር ዞሮ ቢቀመጥ ከላይ በስተግራ ያለው የመጀመሪያው ጉድጓድ የመጨረሻው ቦታ ላይ ይውላል፤ ሮቦቱ ሥራውን ያለ እንከን ይጨርሳል፣ ውጤቶቹም እውነተኛ ይመስላሉ፣ ነገር ግን የሌላ ሰው ናቸው። ኮንትሮሎቹን ዞሮ መቀመጡን በሚያሳብቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ ማለትም በአንድ ወገን ብቻ እንጂ በተቃራኒ ማዕዘኖች አለማድረግ፣ ምንም ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

ኤክሴልን ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ፤ ለስሌት ጥሩ መሣሪያ ነው፣ የላቦራቶሪ ቋሚ ማኅደር ሊሆን ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ በእንግሊዝ አገር የኮቪድ ውጤቶች ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይዝ አሮጌ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ይተላለፉ ስለነበር 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች በዕለታዊው ሪፖርት ሳይካተቱ ቀሩ፤ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውም ሰዎች በወቅቱ አልተፈለጉም። በዚያው ዓመት የሰውን ጂኖች የሚሰይመው ኮሚቴ ማርች1 የተባለውን ጂን ማርችኤፍ1፣ ሴፕት2 የተባለውን ደግሞ ሴፕቲን2 ብሎ መቀየሩን ይፋ አደረገ፤ ምክንያቱም ኤክሴል የጂኖቹን ስም እንደ ቀን (ማርች 1፣ ሴፕቴምበር 2) እየቆጠረ ይለውጠው ነበር። ስለዚህ ከማሽን የወጣውን ጥሬ መረጃ ማንም በማይነካው ቦታ አስቀምጡ፤ ስሌቱን በቅጂው ላይ ሥሩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ልማድ አለ። ኮንትሮሉ በተከታታይ ሁለት ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከሁለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ውጤቶች ከአማካዩ የሚርቁበት የተለመደ መጠን መለኪያ) አልፎ ሲወጣ፣ ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ እስኪያልፍ ድረስ መድገምና ያለፈውን ብቻ መመዝገብ በየቦታው ይታያል። የወደቀው ኮንትሮል ሪኤጀንቱ (ለምርመራው የሚያገለግለው ኬሚካል) መበላሸቱን ወይም ካሊብሬሽኑ (የማሽኑ የልኬት ማስተካከያ) መዛባቱን የሚነግራችሁ ምስክር ነው፤ እርሱን ማጥፋት ደግሞ ለታካሚው የሚደርሰውን ስህተት መደበቅ ነው። ሁሉም ሠራተኛ በአንድ የይለፍ ቃል የሚገባበት ላቦራቶሪም እንዲሁ ነው፤ ውጤቱን ማን እንዳየው፣ ማን እንዳረመው፣ መቼና ለምን እንደተቀየረ መልስ የለውም። በሥራ ጫና መካከል ከአካውንት ወጥቶ በራስ ስም መግባት እንደሚያሰለች አውቃለሁ፤ ሆኖም በስማችሁ የወጣው ውጤት በእርግጥ የእናንተ መሆኑን ማሳየት የምትችሉት በዚህ ብቻ ነው።

ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) አለን ብላችሁም አትረፉ። ከባክአፑ የአንድ ወር መረጃ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱና ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩት፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

ነገ ከነገ ወዲያ መሣሪያ በመምረጥ ኮሚቴ ውስጥ ስትቀመጡ፣ በተለይም ማሽኑ ሪኤጀንት ለመግዛት በሚገባ ውል በነፃ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ስለ ዋጋና በሰዓት ስለሚሠራው የምርመራ ብዛት ብቻ አትጠይቁ። ውሉ ሲያልቅ የታካሚዎቹ ውጤት ከነኮንትሮሉ፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ሌላ ሲስተም ሊያነበው በሚችል ዓይነት ይሰጠን እንደሆነ፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃልም በላቦራቶሪው እጅ ይሆን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱም ከመፈረሙ በፊት በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ።